ናፍታውን የሚቀንሰው ፓነሉ ነው ወይስ ባትሪው? ለኮምቦልቻው ዳቦ ቤት ባለቤት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ኮምቦልቻ ውስጥ ዳቦ ቤት አለኝ። ምድጃው በኤሌክትሪክ የሚሠራ 18 ኪሎዋት ነው። የምንጋግረው በአብዛኛው ሌሊት ከ8 ሰዓት ጀምሮ ነው። መብራት ሲጠፋ 30 ኬቪኤ ጄኔሬተር አስነሳለሁ። በወር 120 ሊትር ገደማ ናፍታ ይበላብኛል። ብዙውን ሰዓት የሚሠራው ግን ቀን ላይ ለፍሪጁ፣ ለመብራቱና ለሊጥ ማቡኪያው ነው። ዳቦውን ለሱቆች የምናደርሰው በቤንዚን ባጃጅ ሲሆን በቀን 2 ሊትር ገደማ ይጨርሳል። ሶላር ላስገባ ብዬ ሦስት ሰው ባማክር ሦስቱም የተለያየ ነገር ነገሩኝ። አንዱ “ሶላር አስገባና ጄኔሬተሩን ሽጠው” አለኝ። ደሴ ያለው ወንድሜ “በዚህ ጉምና ብርድ ሶላር አይሠራም፤ እናንተ ጋም ክረምት ላይ ያው ነው” ይላል። ሦስተኛው ደግሞ “መብራታችን ከውሃ አይደል እንዴ? ደግሞ ፓነሉ ሲመረት የሚወጣው ጭስ ከሚያተርፈው ይበልጣል” አለኝ። ሶላር በእርግጥ የነዳጅ ፍጆታንና የካርቦን ልቀትን ይቀንሳል? ለእኔስ የሚበጀኝ ምንድን ነው?»

ምላሹ፦ ከሦስተኛው አማካሪዎ ልጀምር፤ ከተናገረው ግማሹ ልክ ነው። መብራታችን በእርግጥ ከውሃ ነው። በአገሪቱ ከሚመነጨው ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላዩ የውሃ ኃይል ነው። ጊቤ 3 ብቻውን 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ደግሞ 5,150 ሜጋዋት። ከውሃ የተረፈው በአብዛኛው ነፋስ ነው፤ አዳማ፣ አሸጎዳና አይሻ ላይ የተተከሉት ማማዎች። ናፍታ ተቃጥሎ ወደ ዋናው መስመር የሚገባ ኃይል እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ከዚህ የሚከተለውን ነገር ሶላር ሻጮች ብዙ ጊዜ አይነግሩዎትም። መብራት ባለበት ሰዓት ጣሪያዎ ላይ ያለ ፓነል ቢሠራ የሚተካው የውሃ ኃይልን ነው። ያን ሰዓት የሚቃጠል ነዳጅ የለም፤ ስለዚህ የሚቀር ጭስም የለም። ወርሃዊ ሂሳብዎ ይቀንሳል። ልቀቱ ግን ባለበት ይቆያል ማለት ይቻላል።

ቁጥሩን ይዩት። የበይነ መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ቡድን (አይፒሲሲ) በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ውስጥ የኃይል ምንጮች ከግንባታቸው ጀምሮ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ የሚያስወጡት ልቀት ተነጻጽሯል። ለ1 ኪሎዋት ሰዓት መካከለኛው ግምት እንዲህ ነው፤ የድንጋይ ከሰል 820 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የተፈጥሮ ጋዝ 490፣ የጣሪያ ሶላር 41፣ የውሃ ኃይል 24፣ የየብስ ነፋስ 11። የግድቦች ልቀት ከቦታ ቦታ ብዙ ይለያያል። ውሃ ውስጥ የቀረ ዕፅዋት ሲበሰብስ ሚቴን ስለሚወጣ ቁጥሩ ከፍ የሚልበት ጊዜ አለ። ያም ሆኖ 24ን በ41 መተካት ልቀት አይቀንስም። 820ን በ41 መተካት ግን ልቀቱን ከሃያ እጅ ወደ አንዱ ያወርደዋል። በድንጋይ ከሰል መብራት በሚያበራ አገርና በእኛ አገር አንድ ዓይነት ፓነል የሚሠራው ሥራ የማይገናኘው ለዚህ ነው።

ታዳሽ ኃይል ልቀት የሚቀንሰው የሚቃጠል ነገር ሲተካ ብቻ ነው። ቅርብ ምሳሌ ጅቡቲ ናት። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከእኛ ኤሌክትሪክ ትገዛለች። ከዚያ በፊት መብራቷ የሚመጣው ከውጭ በሚገባ ከባድ ነዳጅና ናፍታ ከሚሠሩ ጣቢያዎች ነበር። የእኛ ውሃ እዚያ ሲደርስ ያንን ነዳጅ ተካ። ያው ውሃ እርስዎ ቤት ሲመጣ የሚተካው ነገር ሌላ ነው። ስለዚህ «ሶላር ይቀንሳል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው እርስዎ ዘንድ ነዳጅ የሚቃጠልበት ቦታ ላይ ነው። በጻፉልኝ መሠረት ቦታው ሁለት ነው። አንዱ ጄኔሬተሩ፣ ሌላው ባጃጁ።

ጄኔሬተሩን ቀረብ ብለን እንየው። 1 ሊትር ናፍታ 840 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከክብደቱ 86 በመቶ ያህሉ ካርቦን ነው፤ ወደ 720 ግራም ማለት ነው። ሲቃጠል እያንዳንዱ የካርቦን አቶም ከአየር ሁለት የኦክስጅን አቶም ይዞ ይወጣል። ኦክስጅን ከባድ ስለሆነ 720 ግራሙ ካርቦን 2.65 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ብዙ ሰው «ከአንድ ኪሎ የማይሞላ ነዳጅ እንዴት ከሁለት ኪሎ ተኩል በላይ ጭስ ይወጣዋል?» ብሎ ይጠራጠራል። ጭማሪው ከአየሩ ነው። በተለምዶ የሚሠራበት ቁጥር በሊትር 2.68 ኪሎ ነው። የእርስዎ 120 ሊትር በወር ከ320 ኪሎ በላይ፣ በዓመት ደግሞ 3.9 ቶን ገደማ ይሆናል። ናፍታው ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ አድርጎ ሲመጣ ቦቴው ራሱ የሚያቃጥለው እዚህ ውስጥ አልተቆጠረም።

አሁን ዋናው ነገር። እርስዎ አንድ ጄኔሬተር ገዝተው ሁለት የተለያየ ሥራ እያሠሩት ነው። ምድጃው በርቶ ሲሠራ 20 ኪሎዋት ገደማ ይሸከማል። ያን ጊዜ በሰዓት 6 ሊትር ተኩል ቢጠጣም ከእያንዳንዱ ሊትር 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያወጣል። ለናፍታ ሞተር ይህ ደህና ነው። ቀን ላይ ለፍሪጅ፣ ለአምፖልና ለሊጥ ማቡኪያ ሲነሳ ግን ጭነቱ በአማካይ ከ2 ኪሎዋት አይበልጥም። ያን ጊዜም በሰዓት 2 ሊትር ገደማ ይጠጣል። ትልቅ ሞተር ራሱን ለማሽከርከር ብቻ የሚበላው አለ። ስለዚህ ከአንዱ ሊትር የሚያገኙት 1 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። በልቀት ሲታሰብ 1 ኪሎዋት ሰዓት 2.7 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አስወጣ ማለት ነው። ከላይ ካየነው የድንጋይ ከሰል ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ በየሱቁ በር ላይ ለሁለት ፍሪጅና ለጥቂት አምፖል የሚንተገተጉ ጄኔሬተሮች ሁሉ እዚህ ሂሳብ ውስጥ ናቸው። ለሞተሩም ጉዳት አለው። በዝቅተኛ ጭነት ለረጅም ሰዓት የሚሠራ የናፍታ ሞተር በደንብ ስለማይሞቅ ነዳጁን አሟጦ አያቃጥልም። ጥላሸት ይይዛል፣ ጭስ ማውጫው ላይ ጥቁር ዘይት ያንጠባጥባል። የእርስዎም ማንጠባጠብ ከጀመረ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

ከ120 ሊትሩ ውስጥ 80 ያህሉ ምድጃው በሚሠራበት 12 ሰዓት፣ 40 ያህሉ ደግሞ በ20 ሰዓት ትንሽ ጭነት አለቀ ብለን እንነሳ። ይህ 40 ሊትር ሙሉ በሙሉ ሊቀር ይችላል። የሚያስቀረው ግን በመጀመሪያ ደረጃ ፓነል አይደለም። ባትሪና ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል የቤት ዕቃ ወደሚሠራበት ኤሌክትሪክ የሚለውጥ መሣሪያ) ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የእርስዎ ቤት መስመር አለው። መብራት ከሚጠፋበት ይልቅ የሚኖርበት ሰዓት ይበዛል። መብራት ሲኖር ባትሪው ከመስመሩ ይሞላል፤ የሚሞላው በውሃ ኃይል ነው። ሲጠፋ ባትሪው ፍሪጁን፣ መብራቱንና ማቡኪያውን ይሸከማል። የጠፋው ለ3 ሰዓት ከሆነ 6 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃል። 10 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ የሊትየም ባትሪ ከዚህ የሚተርፍ አለው። ግድቡ ላይ የመነጨውን ንጹሕ ኃይል መብራት እስከሚጠፋበት ሰዓት ድረስ አቆይቶ ናፍታን የሚተካልዎ ባትሪው ነው። ያለ ባትሪ ጣሪያ ሙሉ ፓነል ቢደረድሩ፣ መብራት ማታ 2 ሰዓት ላይ ከጠፋ ተመልሰው ጄኔሬተር ያስነሳሉ። ደግሞም ባትሪ የሌለው የተለመደ ከመስመር ጋር የተያያዘ ሶላር፣ መብራት ሲጠፋ ቀትርም ቢሆን አብሮ ይጠፋል። መስመር ጠጋኞችን እንዳይገድል ተብሎ እንዲያ እንዲሆን ነው የተሠራው። ይህን ሳያውቁ ገዝተው የተናደዱ ሰዎች ብዙ ናቸው።

«ሕዳሴ ግድብ እያለ ለምን ይጠፋል?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ መምጣቱ አይቀርም። የእርስዎ ሰፈር መብራት ሲጠፋ ብዙውን ጊዜ ግድቡ ኃይል አጥቶ አይደለም። ኃይሉ ከግድቡ እስከ ቆጣሪዎ የሚጓዝበት መንገድ ላይ የሆነ ነገር ይበላሻል። የተጫነበት ትራንስፎርመር ይቃጠላል፣ ያረጀ ምሰሶ በነፋስ ይወድቃል፣ ዝናብ ሲመጣ መስመር ይነካካል። ሺህ ሜጋዋት ቢጨመር የሰፈርዎን ትራንስፎርመር አያሰፋውም። ስለዚህ ባትሪ ገዝተው «ነገ ዛሬ ሳይል መብራቱ ይስተካከልና ገንዘቤ ሜዳ ላይ ይቀራል» ብለው አይስጉ። የስርጭት መስመር ጥገና ዓመታት የሚፈጅ ሥራ ነው።

ምድጃውስ? እዚህ ላይ ገደቡን በግልጽ ልንገርዎ። 18 ኪሎዋት ምድጃ ለ3 ሰዓት ሲሠራ 54 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ያንን በባትሪ ለመሸከም ከላይ ካልኩት ባትሪ ስድስት ወይም ሰባት ያስፈልግዎታል። በየቀኑ በፀሐይ ለመሙላት ደግሞ ከ13 ኪሎዋት በላይ ፓነል፣ ማለትም ከ60 ካሬ ሜትር በላይ ጣሪያ። የሚጋግሩት ሌሊት ስለሆነ አንዱም የፀሐይ ጨረር በቀጥታ ምድጃው ላይ አይደርስም፤ ሁሉም በባትሪ ማለፍ አለበት። ለአንድ ዳቦ ቤት ይህ ወጪ አያዋጣም። «ሶላር አስገባና ጄኔሬተሩን ሽጠው» ያለዎት ሰው ይህን አላሰላም። ጄኔሬተሩን አይሽጡ። ሥራውን ያጥብቡለት እንጂ። ከእንግዲህ የሚነሳው ለምድጃው ብቻ ይሁን። ሲነሳም ሊጡ ተቦክቶ፣ በደንብ ኩፍ ብሎ፣ ቆርቆሮው ተሞልቶ ይጠብቀው። ማቡኪያው በባትሪ ስለሚሠራ መብራት ጠፍቶም ሊጡን ማዘጋጀት ይችላሉ። መብራቱ በግማሽ ሰዓት ከመጣ ጄኔሬተሩን ጨርሶ አያስነሱም። ካልመጣ አስነስተው፣ ደጋግመው በሙሉ ጭነት ጋግረው ያጠፋሉ። የምድጃውን በር ጎማ ይመልከቱ። ጠንክሮ ወይም ተቀዶ ከሆነ ሙቀቱ በዚያ ይወጣል። ጎማ መቀየር ከዚህ ሁሉ ሥራ እጅግ ርካሹ ነው፤ ከሁሉም ቀድሞ መደረግ ያለበትም እሱ ነው። እንዲህ ከተሠራ ከምድጃው ድርሻም በወር 10 ወይም 15 ሊትር ሊቀንስ ይችላል። በድምሩ ከ40 እስከ 55 ሊትር። በዓመት ከ1.3 እስከ 1.8 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማለት ነው።

አንድ ሰው መብራት ሲጠፋ በእንጨት ምድጃ እንዲጋግሩ ቢመክርዎ አይስሙት። እንጨት ከመሬት የወጣ ነዳጅ አይደለም፤ ይህ እውነት ነው። ግን የተቆረጠው ዛፍ ካልተተካ ካርቦኑ አየር ላይ ይቀራል። በደቡብ ወሎ ተራሮች ላይ የተራቆተውን ቁልቁለት ለሚያውቅ ሰው ተጨማሪ ማብራሪያ አያሻም። ጋጋሪዎችዎ የሚተነፍሱት ጭስም አለ።

ወደ ፓነሉ ልመለስ፤ ምክንያቱም አያስፈልግም አላልኩም። ከባትሪው ቀጥሎ 3 ኪሎዋት ፓነል ቢጨምሩ ጥሩ ነው። መብራት ለአንድ ሙሉ ቀን ወይም ለሁለት ቀን ሲጠፋ ባትሪው የሚሞላው ከየት ነው? ከመስመሩ አይሞላም። ያን ጊዜ ፓነሉ እያንዳንዱን ኪሎዋት ሰዓት ከናፍታ ላይ ይቀንሳል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ የነበረ ሰው መብራት ለረጅም ጊዜ ሲታጣ ምን እንደሚመስል አይዘነጋውም። ሌላም ነገር አለ። ግድቦች የሚሞሉት በክረምት ነው። በበጋ ውሃው እየቀነሰ ይሄዳል። ፀሐይዋ ደግሞ በበጋ ጠንካራ ናት። በጥርና በየካቲት እርስዎ ከመስመር ያልወሰዱት ኃይል ግድብ ውስጥ ውሃ ሆኖ ይቆያል። ያ ውሃ ሌላ ሰው ጋ ወይም ጎረቤት አገር ደርሶ ነዳጅ ሊተካ ይችላል። ይህ ጥቅም እውነተኛ ነው። ግን ቀጥተኛ ስላልሆነ «ይህን ያህል ቶን ቀነስኩ» ብለው አይቁጠሩት።

የደሴው ወንድምዎ በብርዱ ነገር ተሳስቷል። ፓነል የሚሠራው በብርሃን ነው። ሙቀት እንዲያውም ይጎዳዋል። የተለመደው የሲሊከን ፓነል ውስጡ ከ25 ዲግሪ በላይ በጋለ ቁጥር በእያንዳንዱ ዲግሪ ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ ኃይል ያጣል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ከእሷ በ650 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ ትሞቃለችም። እኩል ብርሃን ካረፈባቸው የደሴው ፓነል ትንሽ ይበልጣል። ስለ ጉሙ ግን ግማሽ እውነት አለው። ጉምና ደመና ብርሃኑን ይቀንሱታል እንጂ አያጠፉትም። ስስ ደመና ሲሆን ፓነሉ ግማሹን ያህል ሊሰጥ ይችላል። ጥቁር ደመና ሲሆን ወደ አሥር ወይም ሃያ በመቶ ይወርዳል። ጠዋት ያንዣበበው ጉም ረፋድ ላይ ከተገለጠ የጠፋው ትንሽ ነው፤ አብዛኛው ኃይል የሚመረተው ከ3 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ነውና። ለደሴ ሰው ከጉሙ ይልቅ የሚያሳስበው የተራራው ጥላ ነው። ቤቱ ተራራ ሥር ተጠግቶ ከሆነ ፀሐይዋ ጠዋት ትዘገያለች ወይም ማታ ቶሎ ትሄዳለች። ከመግዛቱ በፊት አንድ ቀን ሙሉ ጣሪያው ላይ ጥላው መቼ እንደሚደርስ ይመልከት።

ለእርስዎ ጣሪያ የምመክረው ስሌት ይህ ነው። 1 ኪሎዋት ፓነል በበጋ ቀን 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል ብለው ይያዙ። ለሐምሌና ለነሐሴ ከ2.5 በላይ አይቁጠሩ። ሻጭ «በቀን 6 ይሰጣል» ካለዎት ለሐምሌ ምን ያህል እንደሚሰጥ ይጠይቁት። ፓነሉ ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያዘንብል። ከዚያ በታች ከተዘረጋ ዝናቡ አቧራውን አያጥበውም። ኮምቦልቻ ደግሞ የከባድ መኪና መንገድ ናት፤ አቧራው ብዙ ነው። በበጋ በየሁለት ሳምንቱ ጠዋት ሳይሞቅ በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ይጠረግ።

«ፓነሉ ሲመረት የሚወጣው ልቀት ከሚያተርፈው ይበልጣል» የሚለው ስህተት ነው። ሲሊከን ማቅለጥ ብዙ ኃይል ይፈልጋል። አብዛኛው የሚመረተው ቻይና ነው፤ እዚያ ደግሞ የድንጋይ ከሰል ይበዛል። ይህ ሁሉ ግን በ41 ግራሙ ውስጥ ተቆጥሯል። ፓነል ለማምረት የፈጀውን ኃይል በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ይመልሳል፤ ዕድሜው ከ25 ዓመት ይበልጣል። ናፍታ በሚቃጠልበት ቦታ ከተተከለ ሒሳቡ በዓመት ገደማ ይዘጋል። ባትሪውም ሲመረት ልቀት አለው። ለ10 ኪሎዋት ሰዓት ሊትየም ባትሪ ከግማሽ እስከ አንድ ቶን ያህል ይያዙ። የእርስዎ ቁጠባ በዓመት ከ1.3 ቶን ስለሚበልጥ በአንድ ዓመት ውስጥ ይካካሳል። ሰውየው ትክክል የሚሆነው ፓነሉ ውሃን ብቻ በሚተካበት ቤት ነው፤ ያንን ቀደም ብዬ ተናግሬያለሁ።

ባጃጁን የጠየቁኝ እንደ ዋና ጉዳይ አይደለም። እኔ ግን ትልቅ ቦታ እሰጠዋለሁ። በቀን 2 ሊትር ቤንዚን፣ በ26 የሥራ ቀን 52 ሊትር ነው። 1 ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። በዓመት 1.4 ቶን ይመጣል። ከጄኔሬተሩ እንቀንሳለን ካልነው ጋር ተቀራራቢ ነው። የኤሌክትሪክ ባለሦስት እግር ያንኑ መንገድ በጥቂት ኪሎዋት ሰዓት ይጨርሰዋል፤ የሚሞላውም በውሃ ኃይል ነው። እዚህ አገር አንድን ተሽከርካሪ ወደ ኤሌክትሪክ መለወጥ መስመሩ በከሰል በሚሠራበት አገር ከመለወጥ የበለጠ ልቀት ይቀንሳል። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ የከለከለችው ከውጭ ምንዛሪው ጫና ጋር ይህ አመቺነት ስላለ ነው። የባጃጁ ቻርጅ ሌሊት ምድጃው በማይሠራበት ሰዓት ይሁን፤ ያለበለዚያ ቆጣሪዎ ላይ ጭነቱ ይደራረባል።

ጥንቃቄው ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያወጣው አቀበት፣ ሐረጎ ላይ ነው። ዳቦ ደሴ የሚያደርሱ ከሆነ ከነጭነቱ 700 ኪሎ የሚመዝን ተሽከርካሪ 650 ሜትር ሽቅብ መውጣት አለበት። ክብደቱን ለማንሳት ብቻ 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ይሄዳል፤ የጎማና የነፋስ ትግሉ፣ የሞተሩም ብክነት ሌላ ነው። ቁልቁል ሲመጣ ከዚህ የተወሰነውን መልሶ ባትሪው ውስጥ የሚያስገባ ሞዴል አለ፤ የማያስገባም አለ። ሻጩ በሜዳ ላይ የተለካ ኪሎ ሜትር ይነግርዎታል። እርስዎ ሙሉ ዳቦ ጭነው ሐረጎን አስወጥተው ሳይሞክሩ ገንዘብ አይክፈሉ። የሚያደርሱት ኮምቦልቻ ውስጥ ብቻ ከሆነ ይህ አያሳስብዎትም።

«ፋብሪካዎቹ እያሉ የእኔ ምን ይለውጣል?» ብለው እንዳያስቡ። የከተማችሁ ፋብሪካዎች ለማቅለሚያና ለማፍያ የሚፈልጉት እንፋሎት ነው። እንፋሎት ለማግኘት ቦይለር ውስጥ ነዳጅ የሚያነድ ፋብሪካ ጣሪያው ላይ ፓነል ቢደረድር ቦይለሩን አይነካውም፤ መፍትሔው ሌላ ዓይነት ነው። በየሱቁና በየሆቴሉ የሚነሳው ትንሽ ጄኔሬተር ግን መፍትሔው ዛሬ ገበያ ላይ አለ።

ስትገዙ የምትታለሉባቸው ቦታዎች ላይ ላስጠንቅቅ። ፓነል ሲገዙ ሜትር ይዘው ይሂዱ። ዛሬ ያለው ደህና ፓነል በ1 ካሬ ሜትር ከ200 እስከ 220 ዋት ይሰጣል። 400 ዋት የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ስፋቱ 2 ካሬ ገደማ ካልሆነ ወረቀቱ ውሸት ነው። ከባትሪ ደግሞ በርካሽነቱ አሲድ ባትሪ አይምረጡ። ከግማሽ በታች ሲወርድ ቶሎ ይሞታል። እንደ እርስዎ ቤት በየጊዜው የሚፈስስ ከሆነ በሁለት ሦስት ዓመት መቀየር ይመጣል። ሊትየም አይረን ፎስፌት የሚባለውን ይግዙ፤ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ይሞላል። ባትሪውን ምድጃው ባለበት ክፍል አያስቀምጡት። የዳቦ ቤት ሙቀት ባትሪ ይገድላል።

የሊጥ ማቡኪያው ሞተር ሲነሳ ለጥቂት ቅጽበት ከተለመደው አምስት ስድስት እጥፍ ኃይል ይስባል። ይህን ያላሰበ ሰው 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር ይሸጥልዎታል፤ ማቡኪያውን በነኩ ቁጥር ይጠፋል። ሞተሩ ባለ ሦስት ፌዝ ከሆነ ደግሞ ተራ ኢንቨርተር አያስነሳውም። ቀስ አድርጎ የሚያስነሳ የሞተር ድራይቭ ያስፈልጋል። ባለሙያው የሞተሩን ሰሌዳ ሳያነብ ዋጋ ከነገረዎት ሌላ ባለሙያ ይፈልጉ። የኃይል ምንጭ መቀያየሪያው (ቼንጅ ኦቨሩ) ከጄኔሬተሩ፣ ከመስመሩና ከኢንቨርተሩ ሁለቱ በአንዴ እንዳይገናኙ አድርጎ መሠራት አለበት። ኃይል ወደ ውጭ መስመር ካመለጠ ምሰሶ ላይ ያለውን ሠራተኛ ይገድላል። ጄኔሬተሩንም በተዘጋ ክፍል አያስነሱ። ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሌሊት የሚጋግሩ ልጆችን ሊጨርስ ይችላል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። የምድጃውን በር ጎማ በዚህ ሳምንት ይቀይሩ። ቀጥለው ትንንሾቹን ጭነቶች ከምድጃው ለይተው በሌላ ሳጥን ያስዘርጉ። በእሱ ላይ 8 ኪሎዋት ኢንቨርተርና 10 ኪሎዋት ሰዓት የሊትየም ባትሪ ያስገቡ። ኢንቨርተሩ የፓነል መግቢያ ያለው ሃይብሪድ ይሁን። 3 ኪሎዋቱን ፓነል ገንዘብ ሲኖር ይጨምሩበታል። ጄኔሬተሩ ለምድጃው ይቆይ። ባጃጁ ዕድሜው ሲያልቅ በኤሌክትሪክ ይተካ። ሁሉንም በአንዴ ለመሥራት ብለው አይበደሩ።

ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ግን አንድ ወር ይታገሱ። ጄኔሬተሩ አጠገብ ደብተር ይንጠልጠል። የተነሳበት ሰዓት፣ የጠፋበት ሰዓት፣ ምድጃው በርቶ ነበር ወይስ አልነበረም፣ ስንት ሊትር ተጨመረ፤ እነዚህ አራት ነገሮች ይጻፉ። እኔ የተነሳሁት 20 ሰዓት ትንሽ ጭነት፣ 12 ሰዓት ምድጃ ብዬ ነው። ደብተሩ ምድጃው ከ16 ሰዓት በላይ እንደሠራ ካሳየ ባትሪው የሚያስቀረው ናፍታ ትንሽ ነው። ያን ጊዜ ገንዘብዎን መጀመሪያ ባጃጁ ላይ ያውሉት።